ዘበኛውን የሚቀሰቅሰው ጎመን፦ የአትክልት አንቲኦክሲዳንት ለጡንቻ ምን ይሠራል?

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ፍቅር ሐይቅ ዳር የወጣ ሰው ግማሹን ሐዋሳ እዚያ ያገኘዋል። ስኳር አለብህ ተብሎ እርምጃ የታዘዘለት አባወራ አለ። ሁለት ሁለት ሆነው እያወሩ የሚሄዱ እናቶች አሉ። በመሃላቸው እየተሹለኮለኩ የሚያልፉ ሯጮች አሉ። እኔ ከሚራመዱት ወገን ነኝ። የእህቴ ልጅ ግን ይሮጣል፤ ከሩጫው በኋላም ጂም ይገባል።

በቀደም አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ዕቃ ይዞ መጣ። ክዳኑ ሥር በደማቅ ቀለም «አንቲኦክሲዳንት» ተብሎ ተጽፏል። አንዷ ክኒን 1000 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ አላት።

«ጋሼ፣ ይሄ ጡንቻዬን ከኦክሲዴሽን ይጠብቀዋል» አለኝ።

«ኦክሲዴሽን ምንድነው?» አልኩት።

ትንሽ አሰበና «መጥፎ ነገር ነዋ!» አለ።

ጨርሶ አልተሳሳተም። ግን ነገሩን ግማሽ ላይ ነው ያቆመው። ዕቃውን የሸጠለት ሰውም ከዚያ አላለፈም መሰለኝ።

ኦክሲዴሽን የምንለው ነገር ምንድነው?

ከጁስ ቤት እንጀምር። ለስፕሪስ የተቆረጠ አቮካዶ ሳይሸፈን ሲቆይ ፊቱ ይጠቁራል። ሎሚ ጠብ ከተደረገበት ግን አረንጓዴነቱ ይሰነብታል። ዝናብ ያገኘው ምስማር ይዝጋል። ያልተነጠረ ቅቤ ሲቆይ ሽታው ይለወጥና ይመራል። ሦስቱም ውስጥ የኦክሲጅን እጅ አለበት። ኦክሲጅን ከሌላው ኤሌክትሮን ሲነጥቅ የተነጠቀው ነገር ጠባዩ ይለወጣል። ኦክሲዴሽን ማለት በአጭሩ ይኸው ነው።

«ፍሪ ራዲካል» የሚባለው ደግሞ ኤሌክትሮን የጎደለው ሞለኪውል ነው። ኤሌክትሮኖች ጥንድ ሆነው መኖር ይወዳሉ፤ ልክ እንደ ጫማ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስንት ጫማ እንደሚደረደር ታውቃላችሁ። ቅዳሴ አለቀ እንበል። አንዱ ሲወጣ የግራ ጫማውን አጣ። ቸኩሏልና የሌላ ሰው የግራ ጫማ አጥልቆ ሄደ። የዚያ ጫማ ባለቤት መጣ፤ እሱም አጣና የሦስተኛውን ሰው ወሰደ። በአንድ ጫማ የጀመረው ነገር ግቢውን ሙሉ ያተራምሳል። (መስጊድ በር ላይም ያው ነው።)

ትርምሱ የሚቆመው «በባዶ እግሬ መሄድ አይከብደኝም፣ እንካ የኔን» የሚል ሰው ሲገኝ ነው። ያ ሰው አንቲኦክሲዳንት ነው። ኤሌክትሮኑን ሰጥቶ ራሱ ወደ ነጣቂነት አይለወጥም። ነጣቂው በዝቶ ሰጪው ሲያንስ ደግሞ ሁኔታው «ኦክሲዴቲቭ ስትረስ» ይባላል።

ጡንቻ ጋ ሲደርስ ነገሩ ለምን ይከርራል?

ጡንቻ ብዙ የሚያነድ አካል ስለሆነ ነው። በሕዋሱ ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ ጥቃቅን ምድጃዎች አሉ። ከምግብ የመጣውን ስኳርና ስብ በኦክሲጅን እያነደዱ ጉልበት ያወጣሉ። ከሰል የሚነድበት ምድጃ ጎን የተቀመጠ ሰው አልፎ አልፎ ፍንጣሪ ልብሱ ላይ እንደሚያርፍ ያውቃል። ማይቶኮንድሪያም ይፈናጠራል። አንዳንድ ኤሌክትሮን ከመስመሩ ያመልጥና ኦክሲጅን ላይ ይለጠፋል። ሱፐርኦክሳይድ የሚባለው ራዲካል በዚህ መንገድ ይወለዳል።

ተኝተን የምንወስደው ኦክሲጅንና በሩጫ ላይ የምንወስደው አይገናኙም። ጠንክሮ የሚሮጥ ሰው ከ10 እጥፍ በላይ ሊወስድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1982 የካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አይጦችን እስኪደክማቸው አስሩጠው ጡንቻና ጉበታቸውን ለኩ። የራዲካሉ መጠን ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ጨምሮ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ታሪኩ ቀላል መስሎ ነበር። ስፖርት ፍንጣሪ ያበዛል፤ ፍንጣሪ ጡንቻ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ማጥፊያ ዋጥ።

ጉዳቱ የምር ነው። የጡንቻ ሕዋስ ሽፋን በአብዛኛው ከስብ የተሠራ ነው። ፍንጣሪው እዚያ ላይ ሲያርፍ የሚፈጠረው ቅቤን ከሚያበላሸው ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ የጫማው ትርምስ ከአንዱ የስብ ሞለኪውል ወደ ሌላው ይዛመታል። እናቶቻችን ቅቤ ሲያነጥሩ ኮሰረት፣ ኮረሪማና እርድ የሚጨምሩት ለሽታው ብቻ እንዳልሆነ ያውቃሉ። የተነጠረው ቅቤ ከጥሬው ይልቅ ሳይበላሽ ይከርማል። በሕዋሱ ሽፋን ውስጥ የኮሰረቱን ቦታ ይዞ የተቀመጠው ቫይታሚን ኢ ነው። ኤሌክትሮኑን ሰጥቶ ባዶ ሲቀር ደግሞ ቫይታሚን ሲ መልሶ ይሞላለታል። ከሽፋኑ ሌላ ጡንቻው እንዲኮማተር የሚያደርጉ ፕሮቲኖችም ይነካሉ። ያኔ ጡንቻው ሲታዘዝ ይለግማል። ድካም ከምንለው ስሜት ከፊሉ ከዚህ ይመጣል።

ኋላ ላይ ግን ታሪኩን የሚያወሳስብ ነገር መጣ። በሥራ ላይ ያለ ጡንቻ ውስጥ ካለው ፍንጣሪ ብዙው ከምድጃው ያመለጠ አይደለም። ሕዋሱ ራሱ፣ ሽፋኑ አካባቢ ባለ አንድ ኢንዛይም አማካይነት፣ ሆን ብሎ ይሠራዋል። ሰው ቤቱ ውስጥ ለምን እሳት ይለኩሳል? ይህን ጥያቄ ያዙልኝ።

ሰውነታችን የራሱ መከላከያ የለውም እንዴ?

አለው። ያውም በዓይናችሁ አይታችሁታል። ቁስል ላይ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ሲፈስ ነጭ አረፋ ይደፍቃል አይደል? ያ አረፋ ኦክሲጅን ነው። ካታሌዝ የሚባል የራሳችን ኢንዛይም ፐርኦክሳይዱን ወደ ውኃና ኦክሲጅን እየሰነጠቀው ነው። ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ በየሕዋሳችን ውስጥም በጥቂቱ ሌት ተቀን ይመረታል። ካታሌዝ እዚያ የተቀመጠው ለዚህ ነው።

ከካታሌዝ በፊት ተራ የሚጠብቅ ሌላ ኢንዛይም አለ። ሱፐርኦክሳይድን ወደ ፐርኦክሳይድ ይለውጠዋል። ማኮርድና ፍሪዶቪች የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1969 ነው ይፋ ያደረጉት። ግሉታታዮን የሚባለው ደግሞ ሕዋሱ ራሱ ከሦስት አሚኖ አሲዶች የሚሠራው አንቲኦክሲዳንት ነው። በብዛት የሚስተካከለው የለም ማለት ይቻላል።

እነዚህ የሰፈር ዘበኞች ናቸው። በክኒን አይመጡም፤ ሕዋሱ ይቀጥራቸዋል። ስንት ይቀጠር የሚለውን የሚወስኑት ጂኖቹ ናቸው።

ታዲያ አትክልቱ ምን ቀረው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ ተሳስቼ ነበር።

ቀይ ሽንኩርት ውስጥ ኩዌርሴቲን አለ። እርድ ውስጥ ኩርኩሚን፣ ቡና ውስጥ ክሎሮጄኒክ አሲድ አለ። ከነዚህ ብዙዎቹ ፖሊፊኖል ከሚባለው ቤተሰብ ናቸው። በብርጭቆ ውስጥ ከራዲካል ጋር ሲቀላቀሉ ኤሌክትሮን ይለግሳሉ፤ ይህ እውነት ነው። ስለዚህ «በላነው፣ ደም ውስጥ ገባ፣ ጡንቻ ጋ ደርሶ ራዲካሉን አጠፋ» ተብሎ ታሰበ። ምግቦች በብርጭቆ ውስጥ ባሳዩት ጉልበት ደረጃ ወጣላቸው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ሳይቀር የደረጃ ሠንጠረዥ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከድረ ገጹ አነሳው። የብርጭቆው ቁጥር በሰውነት ውስጥ የሚሆነውን አይናገርም፤ ነጋዴዎች ግን ያለቦታው ይጠቀሙበት ነበር።

ችግሩ ብዛት ላይ ነው። ከምግብ በኋላ ደም ውስጥ የሚገኘው ፖሊፊኖል እጅግ ጥቂት ነው። ጉበትና አንጀት እንደ ባዕድ ቆጥረው ይለውጡታል፤ አብዛኛው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይወገዳል። ሕዋስ ውስጥ ያለው ግሉታታዮን ከዚያ ከሺህ እጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል። አንድ ክፍለ ጦር የሰፈረበት ቦታ ሁለት ሰው ዱላ ይዞ «ልርዳችሁ» ቢል ለጦርነቱ የሚለውጠው ነገር የለም።

ግን ጎመን የሚበላ ሰው ይጠቀማል። እንዴት?

መልሱ ያለው ተክሉ ጋ ነው። ተክል መሮጥ አይችልም። ፀሐይ ሲያቃጥለው ጥላ ፍለጋ አይሄድም፤ ትል ሲበላው አይሸሽም። ስለዚህ ራሱን በኬሚካል ይጠብቃል። ጎመን ሲታኘክ አፍንጫ የሚወጋው ነገር ለትል የተዘጋጀ መርዝ ነው። የሽንኩርት ኩዌርሴቲን ወደ ልጣጩ፣ ፀሐይ ወደሚያገኘው በኩል ይበዛል። እኛ የምንበላው የሌላውን ጦር መሣሪያ ነው። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ አይጎዳንም፤ ሕዋሳችን ግን ልብ ይለዋል።

እንዴት ልብ እንደሚል በደንብ ተጠንቷል። ኤንአርኤፍ2 የሚባል ፕሮቲን አለ። እንደ ዘበኞች አለቃ አስቡት። ኪፕ1 የሚባል ሌላ ፕሮቲን ደግሞ አለቃውን ይዞ ያስቀምጠዋል፤ ሰላም እስከሆነ ድረስ እንዲነሳ አይፈቅድለትም። የጎመኑ ቅመም ወይም ሕዋሱ ራሱ የለኮሰው ፍንጣሪ መጥቶ ኪፕ1ን ሲነካው እጁ ይላላል። አለቃው ያመልጥና ጂኖቹ ወዳሉበት ይገባል። «ግሉታታዮን ይጨመር፣ ሌሎቹም ጠባቂዎች ይብዙ» የሚለው ትእዛዝ ከዚያ ይወጣል።

የኛን ሰፈር ዘበኛ አስቡት። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ጋቢውን ተከናንቦ አሸልቧል። አንድ ጎረምሳ የቆርቆሮው ጣራ ላይ ጠጠር ወረወረ። ጠጠሩ ማንንም አልጎዳም። ዘበኛው ግን ተነሳ፣ ባትሪውን አበራ፣ ግቢውን ዞረ፣ ከዚያም እንቅልፍ እምቢ አለው። 9 ሰዓት ላይ እውነተኛ ሌባ ሲመጣ ነቅቶ ጠበቀው። ጎመኑ ጠጠሩ ነው። ሌባውን የሚይዘው የራሳችን ዘበኛ ነው።

ይህ መንገድ ገና ከመነሻው ከጎመን ዘመዶች ጋር ተያይዟል። እ.ኤ.አ. በ1992 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የፖል ታላላይ ቡድን ከብሮኮሊ ሰልፎራፌን የተባለውን ንጥረ ነገር ለየ። ሰልፎራፌን ኤንአርኤፍ2ን በመቀስቀስ የታወቀ ነው። የኛ የሐበሻ ጎመን የብሮኮሊ የአክስት ልጅ ነው። የሚወጋው ቅመም አንድ ዓይነት ባይሆንም ከአንድ ወገን ነው። ስለ ጡንቻ ካለው ማስረጃ አብዛኛው በላቦራቶሪ ከሚያድጉ ሕዋሳትና ከእንስሳት ሙከራ የመጣ መሆኑ ግን ይታወቅ። በሰው ጡንቻ ላይ የተሠራው ከዚያ ያነሰ ነው።

አሁን ያቆየነውን ጥያቄ እንመልስ። ሕዋሱ ሆን ብሎ እሳት የሚለኩሰው መልእክት ለመላክ ነው። ፍንጣሪው «ዛሬ ከበደን፤ ለነገ ተጨማሪ ምድጃ ይሠራ፣ ዘበኛም ይጨመር» የሚል ደብዳቤ ነው። ጡንቻ በልምምድ የሚጠነክረው ይህን ደብዳቤ እያነበበ ነው።

ክኒኑስ?

ደብዳቤውን ሳይነበብ ሊቀደው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2009 ጀርመን ውስጥ ወጣት ወንዶች ለ4 ሳምንት ስፖርት እንዲሠሩ ተደረገ። ግማሾቹ በየቀኑ 1000 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ እና 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ ይወስዱ ነበር። ክኒን ያልወሰዱት ሰውነታቸው ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ተሻሻለ፤ ስፖርት ከሚሰጣቸው ትልልቅ ጥቅሞች አንዱ ነው ይሄ። የወሰዱት ግን ይህን ጥቅም አላገኙም። የራሳቸውን ዘበኞች የሚያበዙት ጂኖችም እንደሚገባ አልተነሱም። ከውጭ የመጣ ጠባቂ በሩ ላይ ቆሞ ሲያዩ ማን ይነሳል?

እ.ኤ.አ. በ2014 ኖርዌይ ውስጥ ተመሳሳይ ሙከራ ለ11 ሳምንት ተካሄደ። ክኒን የወሰዱት ሰዎች ጡንቻ ውስጥ ከአዳዲስ ማይቶኮንድሪያ ጋር የሚያያዙት ፕሮቲኖች እንደሌሎቹ አልጨመሩም። ለፍትሐዊነት ይህንንም ልጨምር፤ በሩጫ አቅማቸው ላይ ግን ልዩነት አልታየም። ስለዚህ «ክኒኑ አበላሸኝ» ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም። «ክኒኑ አጠነከረኝ» ማለት ግን አያስኬድም።

ከስፖርት ውጭ ከበድ ያለ ነገርም ተከስቷል። ፊንላንድ ውስጥ በሲጋራ አጫሾች ላይ የተካሄደ ትልቅ ጥናት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1994 ወጣ። በየቀኑ 20 ሚሊ ግራም ቤታ ካሮቲን በክኒን የወሰዱት የሳንባ ካንሰር የያዛቸው ካልወሰዱት በ18 በመቶ በልጠው ተገኙ። ቤታ ካሮቲን ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገው ያው ንጥረ ነገር ነው። ካሮት በልቶ እዚህ የደረሰ የለም። ጉዳዩ ተነጥሎ፣ ተጠራቅሞ፣ በየቀኑ መምጣቱ ላይ ነው።

የምናገረው ጤነኛ ሆኖ ለጡንቻ ብሎ ስለሚወስድ ሰው ነው። እጥረት ስላለበት ሐኪም ያዘዘለት ሰው ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ክኒኑን አያቋርጥ።

ሳህናችን ላይ ምን አለ?

ሐዋሳ ላይ ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቆጮ በጎመን የሚበላበት አገር ነው። አቮካዶው ከሲዳማ ጓሮ ይመጣል። ሱቅ ውስጥ የሽፈራው ቅጠል ዱቄት በፌስታል ይሸጣል፤ ኮንሶዎች ግን ትኩሱን እንደ ጎመን ነው የሚቀቅሉት። ሽፈራው ሩቲን የሚባል የኩዌርሴቲን ዘመድ አለው።

ስለ ጎመን አንድ ነገር ልጨምር። የሚወጋው ቅመም ተሠርቶ አይቀመጥም። ቅጠሉ ሲቆረጥ ሁለት ተለያይተው የነበሩ ነገሮች ይገናኙና ያኔ ይሠራል። አገናኙ ኢንዛይም ነው፤ ሙቀት ይገድለዋል። ስለዚህ ጎመንን ከነቅጠሉ ቀቅሎ ከመክተፍ ጥሬውን ከትፎ ትንሽ አቆይቶ ማብሰል ይሻላል። ለእህቴ ይህን ነገርኳት። «አንተ ደግሞ መቼ ነው ጎመን ከትፈህ የምታውቀው?» አለችኝ። ልክ ናት።

ቲማቲም በተቃራኒው መብሰልን ይወዳል። ቀዩ ቀለም፣ ላይኮፒን፣ በዘይት ሲቁላላ ለሰውነት ይቀላል። ሰላጣ ላይ አቮካዶ ሲጨመርም የካሮትና የቲማቲሙ ቀለም የበለጠ ይሰረጻል፤ ስብ ስለሚፈልግ። የእርድ ኩርኩሚን ለብቻው ከአንጀት ብዙም አያልፍም፤ ከቁንዶ በርበሬ ጋር ሲሆን ግን በጣም ይጨምራል። ይህን የሚያሳየው ጥናት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። አልጫ ወጥ የሚሠሩት እናቶች ጥናቱን አልጠበቁም። በክኒን የታጨቀ እርድ ግን ሌላ ነው፤ ጉበት የጎዳባቸው ሰዎች ተመዝግበዋል።

ቡና ከኛ ትልልቅ የፖሊፊኖል ምንጮች አንዱ ነው። ጣጣው ቡናም ሻይም ከምግብ ጋር ሲጠጡ ከእህልና ከቅጠል የሚገኘውን ብረት ሰውነታችን በደንብ እንዳይወስደው ያደርጋሉ። ደም ማነስ ያለባት ሴት ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ብትታገስ ይበጃታል። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ደግሞ የጎመኑን መጠን በድንገት አይቀያይር። ጎመን በቫይታሚን ኬ የተሞላ ስለሆነ የመድኃኒቱን ሥራ ያዛባዋል።

በማግስቱ የሚያመኝስ?

የእህቴ ልጅ የመጨረሻ ጥያቄ ይህ ነበር። ታቦር ተራራ ላይ ሮጦ ወጥቶ ሮጦ ወረደ። በማግስቱ ደረጃ መውረድ አቃተው። «ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ነው አይደል?» አለኝ።

በአብዛኛው አይደለም። ሰው እንደሚለው የላክቲክ አሲድም አይደለም፤ እሱ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ከጡንቻ ይጠፋል። ያመመው ቁልቁለቱ ነው። ስንወርድ ጡንቻው እየተለጠጠ ፍሬን ስለሚይዝ ጥቃቅን ክሮቹ ይጎዳሉ። ከዚያ ጥገናው ይጀምራል፤ ሕመሙም አብሮ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ማስረጃ ገምጋሚ ተቋም በዚህ ላይ 50 ጥናቶችን አንድ ላይ መረመረ። ከ1000 በላይ ሰዎች ተሳትፈውባቸዋል። ብዙ አንቲኦክሲዳንት መውሰድ ሕመሙን ሰው ልብ በሚለው ያህል አልቀነሰም።

የሚቀንሰው ራሱ ቁልቁለቱ ነው፤ ሲደጋገም ጡንቻው ይለምደዋል። በሁለት ሳምንቱ ያንኑ ታቦር ደገመው። አነከሰ፤ ግን ደረጃውን ወረደ። ሽንቱ የኮካ ኮላ ቀለም ቢይዝ ኖሮ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ያ የተጎዳ ጡንቻ ወደ ደም ገብቶ ኩላሊትን እያስቸገረ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው። ከዚያ በኋላ ጎመንም ክኒንም የለም፤ በቀጥታ ባጃጅ ተይዞ ሆስፒታል ነው።